ሰባት ቁጥር ይበቃሻል

ትምህርት ከተከፈተ ወዲህ የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች ወደ አንድ ጉዳይ አዘንብለዋል፤ ስታትስቲክስ። የግቢ ተማሪ አለበት፣ ጡረተኛ አለበት፣ ሱቅ ያለውም አለበት። ድሬዳዋ ማታ ክፍል ይህንኑ ትምህርት ለዓመታት ሳስተምር ስለኖርኩ አንዱንም ሳልዘል አነበብኳቸው። ስድስቱን እዚህ እመልሳለሁ።

«ቲቸር፣ ፍሬሽማን ነኝ፤ ቤታችን ሳቢያን ነው። ክፍል ውስጥ ሲነገር ይገባኛል። ዎርክሺት ሲሰጠኝ ግን የቱን ፎርሙላ እንደምጠቀም ይጠፋኛል። ሃምሳ ጥያቄ ሠርቼ ፈተና ላይ ምንም አልጠቀመኝም። እንዴት ልለማመድ?»

እህቴ፣ ሃምሳ ጥያቄ መሥራትሽ ጎበዝ መሆንሽን ያሳያል። ችግሩ ዎርክሺቱ ላይ ያሉት ቁጥሮች የማን እንደሆኑ አታውቂም። «12፣ 15፣ 19» ይልሻል፤ ኪሎ ይሁን ብር ይሁን አይነግርሽም። ስለዚህ መልሱ 15 ቢመጣም 150 ቢመጣም አያስደነግጥሽም። መልመጃ የሚጠቅመው የተሳሳተ መልስ ሲመጣ «ኧረ ይሄማ አይሆንም!» ማለት ስትችዪ ነው። እንደዚያ ማለት የምትችዪው ደግሞ ስለምታውቂው ነገር ብቻ ነው።

ስለዚህ የራስሽን ቁጥር ሰብስቢ። ጠዋት ከሳቢያን ወደ መጋላ ለመሄድ ባጃጅ ስትጠብቂ ስንት ደቂቃ ቆምሽ? አንድ ሳምንት ሙሉ ጻፊው። እንበል እንዲህ መጣ፦ 4፣ 6፣ 5፣ 7፣ 5፣ 6፣ 9። ለመጀመሪያው ወር ሰባት ቁጥር ይበቃሻል። ብዙ ዳታ ለኮምፒውተር ነው። ለመማር የሚሆነው በአንድ እይታ የሚታየው ነው።

ካልኩሌተር ከማንሳትሽ በፊት ገምቺ። አማካዩ ስንት ይመስልሻል? በእርሳስ ጻፊው፤ አትሰርዢው። ከ4 ሊያንስ አይችልም፣ ከ9 ሊበልጥም አይችልም። አብዛኞቹ 5 እና 6 አካባቢ ስለተሰበሰቡ እዚያው ሰፈር መሆን አለበት። አሁን ደምሪ፤ 42 ይሆናል። ለ7 አካፍዪው፤ 6 ደቂቃ። ግምትሽ ከመልሱ ጋር ሲቀራረብ በቁጥር ማሰብ ጀምረሻል ማለት ነው። በጣም ከራቀም ጥሩ ነው፤ ለምን እንደራቀ ፈልጊው። በእኔ እምነት ትምህርቱ ያለው እዚያ ፍለጋ ውስጥ ነው። ይህችን የግምት መስመር የሚዘሉ ተማሪዎች ፎርሙላ በቃላቸው ይወጣሉ፤ ፈተናው ቃላቱን ቀይሮ ሲጠይቃቸው ግን ይጠፋባቸዋል።

ቀጥይ። ከእያንዳንዱ ቀን 6 ቀንሺ፦ -2፣ 0፣ -1፣ 1፣ -1፣ 0፣ 3። ደምሪያቸው፤ ዜሮ ነው። ዜሮው በአጋጣሚ አልመጣም። አማካይ ማለት ከላይ ያለው ርቀትና ከታች ያለው ርቀት የሚጠፋፉበት ቦታ ስለሆነ ሁልጊዜም ዜሮ ይመጣል። ታዲያ ሁልጊዜ ዜሮ የሚመጣ ከሆነ መበታተኑን በምን እንለካው? እያንዳንዱን ርቀት በራሱ እናባዛለን፤ የመቀነስ ምልክቱ ይጠፋል። 4፣ 0፣ 1፣ 1፣ 1፣ 0፣ 9፤ ድምሩ 16። ለ6 ሲካፈል 2.67፣ ስኩዌር ሩቱ 1.63 ደቂቃ፤ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን የሚባለው የመበታተን ልክ ይህ ነው። ለምን ለ7 ሳይሆን ለ6? ቀጥሎ ያለው ጠያቂ ይህንኑ ስለጠየቀ እዚያ ታገኚዋለሽ።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር መጣ። ቁጥሩን በአማርኛ ተናገሪው። «ባጃጅ ብዙውን ጊዜ 6 ደቂቃ ያህል እጠብቃለሁ፤ ከዚያ የሚያልፈው ወይም የሚጎድለው ባብዛኛው በአንድ ደቂቃ ተኩል አካባቢ ነው።» ይህን ዓረፍተ ነገር ካልጻፍሽ ጥያቄውን አልጨረስሽም። እናትሽ ሰምታ ከገባት በትክክል ገብቶሻል።

ከዚያ ዳታውን አበላሺው። የመጨረሻው ቀን የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ መንገዱ ተዘጋ እንበል፤ 9 የነበረው 30 ሆነ። መጀመሪያ ገምቺ፤ አማካዩ ምን ይሆናል? መካከለኛው ቁጥር፣ ሚዲያኑስ? ሥሪው። ድምሩ 63፣ አማካዩ 9 ሆነ። ቁጥሮቹን በቅደም ተከተል ስትደረድሪያቸው ግን 4፣ 5፣ 5፣ 6፣ 6፣ 7፣ 30 ይሆናሉ፤ መሃል ላይ ያለው አሁንም 6 ነው። ንቅንቅ አላለም። ከሰባቱ ቀን ስድስቱ ከ«አማካይ» በታች ሆኑ። ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ከ1.63 ተነስቶ 9.31 ደረሰ፤ ከራሱ ከአማካዩ በለጠ። እንዲህ ያለ ነገር ስታዪ ፎርሙላ አትፈልጊ፤ ተመልሰሽ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ እያቸው። አንዱ ለብቻው ሸሽቶ ቆሞ ታገኚዋለሽ። የደመወዝ ወይም የቤት ኪራይ «አማካይ» ሲነገርሽ ሚዲያኑን የምትጠይቂውም ለዚህ ነው።

የቱን ፎርሙላ ልጠቀም ላልሽው፣ መጀመሪያ የተለካው ነገር ቁጥር ነው ወይስ ዓይነት ብለሽ ጠይቂ። ደቂቃ ቁጥር ነው፤ አማካይ አለው። «ከተማ ወይስ ገጠር» ግን ዓይነት ነው፤ የከተማና የገጠር አማካይ የሚባል ነገር የለም፤ የሚነገረው በመቶኛ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የድሬዳዋ አስተዳደር ሕዝብ 341,834 ነበር፤ ከተማ የሚኖረው 233,224። መቶኛውን ከማስላትሽ በፊት ገምቺ፤ ከግማሽ በላይ ነው? ሦስት አራተኛ ይደርሳል? ሥሪው፤ 68.2 በመቶ ነው። ቁጥር ወይስ ዓይነት የሚለውን ከለየሽ በኋላ አንድ ቡድን ነው ወይስ ሁለት ታወዳድሪያለሽ ብለሽ ጠይቂ። በሁለቱ ብቻ የፎርሙላ ወረቀትሽ ግማሹ ይወድቃል።

«ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ስሠራ እኔና ጓደኛዬ የተለያየ መልስ እናገኛለን። ዳታው ያው፣ ካልኩሌተራችንም ያው። መምህሩ «በኤን ሲቀነስ አንድ አካፍሉ» ብሎ አለፈ። ለምን?»

ከላይ ያሉትን ሰባት ቀናት ውሰድ። ለ6 ስታካፍል 1.63፣ ለ7 ስታካፍል 1.51 ይመጣል። ካልኩሌተሩ ሁለቱንም ስለሚያውቅ እናንተ ሁለት የተለያዩ ቁልፎች ነክታችኋል። ኤክሴልም ላይ እንደዚሁ ሁለት ትእዛዝ አለ። መጨረሻው ኤስ የሆነው ለናሙና ነው፣ ፒ የሆነው ለሁሉም ነው።

ለምን ከኤን፣ ማለትም ከቁጥሮቹ ብዛት፣ አንድ ይቀነሳል? ርቀቶቹ ተደምረው ዜሮ እንደሚሆኑ አይተናል። ስለዚህ ስድስቱን ርቀት ብትነግረኝ ሰባተኛውን ሳላይ እነግርሃለሁ። -2፣ 0፣ -1፣ 1፣ -1፣ 0 ካልከኝ የቀረው የግድ 3 ነው። እንደልቡ መሆን የሚችለው ስድስቱ ብቻ ነው። በዚያ ላይ የተለካው ከእውነተኛው አማካይ ሳይሆን ከእነዚሁ ሰባት ቀናት አማካይ ነው። ቁጥሮቹ ደግሞ ለራሳቸው አማካይ ከማንም ይበልጥ ይቀርባሉ። ለ7 ብናካፍል መበታተኑን አሳንሰን እናየዋለን፤ በ6 ማካፈሉ ያንን ያካክሳል። የምትፈልገው ስለእነዚሁ ሰባት ቀናት ብቻ ከሆነ፣ ስለሌላ ቀን ምንም ካልተናገርክ፣ ለ7 አካፍል፤ ልክ ነህ። ሰባቱን ይዘህ ስለዓመቱ ልትናገር ከሆነ ለ6። መቶ ቁጥር ሲኖርህ ልዩነቱ 0.5 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ ጭቅጭቁ አያስፈልግም።

ትንሽ ናሙናን በቁም ነገር የያዘው ሰው ቢራ ፋብሪካ ውስጥ ነበር የሚሠራው። ዊልያም ጎሴት ይባላል፤ ደብሊን ጊነስ ቤት። ለሙከራ የሚደርሰው ዳታ ጥቂት ነበር፤ በጊዜው የነበረው ስሌት ደግሞ ለብዙ ቁጥር የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 መፍትሔውን አሳተመ። ፋብሪካው ሠራተኞቹ በስማቸው እንዲያሳትሙ ስላልፈቀደ «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም ነው የወጣው። በዚያ ስም የምትማሩት ቲ-ቴስት፣ የጥቂት ቁጥሮችን አማካይ መፈተሻው፣ የእሱ ነው። ሐረርም የቢራ ፋብሪካ ያላት ከተማ ስለሆነች ይህን ታሪክ እዚያ ሳወራው ተማሪዎች በጣም ይወዱታል።

«ጡረታ ወጥቻለሁ። ባጃጅ ገዝቼ ለሹፌር ልሰጥ አስቤያለሁ። ሻጩ «በአማካይ በቀን 900 ብር ያስገባል» ይለኛል። ሰውየው የሚዋሽ አይመስለኝም። ቁጥሩን እንዴት ልመርምረው?»

አባቴ፣ ሰውየው ሳይዋሽም ቁጥሩ ሊያሳስትዎት ይችላል። አማካይ ሲነገርዎት «ለስንት ቀን ተካፍሎ?» ይበሉ። ባጃጁ በወር 22 ቀን ሠርቶ 8 ቀን ጋራዥና የቤንዚን ሰልፍ ላይ ቆመ እንበል። በሠራበት ቀን 900 ካስገባ 19,800 ብር ነው። ሻጩ ለ22 አካፍሎ 900 ይላል። እርስዎ ግን የሚበሉት ወር 30 ቀን ነው፤ ለ30 ሲካፈል 660 ብር ይሆናል። ሁለቱም ስሌት ልክ ነው። ለእርስዎ የሚሆነው ሁለተኛው ነው። እኔ አንድ አማካይ ስሰማ ከላይ ያለውን ቁጥር ትቼ መጀመሪያ ከታች ያለውን አካፋይ የምጠይቀው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የየትኛው ወር ደብተር ነው የሚለው ነው። ደብተሩ የታኅሣሥ ከሆነ ይጠንቀቁ። ታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል ሲደርስ ድሬ በእንግዳ ትሞላለች፤ የዚያ ሳምንት ገቢ የሌላውን ወር አይወክልም። ሐምሌም ያው ነው። ቢችሉ ቁልቢ የሌለበትን ወር፣ ሙቀቱ የበረታበትንም ወር ደብተር ይዩ። የየቀኑን ገቢ ከትንሹ ወደ ትልቁ ይደርድሩና መሃል ላይ ያለውን ይመልከቱ። ከአማካዩ በጣም ካነሰ ጥቂት የሞቁ ቀናት ናቸው አማካዩን ወደ ላይ የሳቡት። ደብተር የለም ካለዎት ደግሞ ቁጥሩ ከየት መጣ? በቃል የተያዘ አማካይ ላይ ገንዘብዎን እንዳያፈሱ እለምንዎታለሁ።

«ሐረር ነኝ። የመመረቂያ ጥናቴ በጀጎል ውስጥ የቧንቧ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ነው። ፈረስ መጋላ ቆሜ 60 ሰው ጠየቅሁ። አማካሪዬ «ናሙናው ትንሽ ነው፣ 200 አድርሰው» አለኝ። እዚያው ሌላ 140 ሰው ልጠይቅ?»

ወንድሜ፣ እዚያው 140 ከምትጨምር 60ውን ከትክክለኛው ቦታ ብታመጣ ይሻልሃል። ፈረስ መጋላ ላይ የሚቆመው ማነው? ነጋዴው፣ ታክሲ የሚጠብቀው፣ ከአወዳይ ከባቢሌ ለገበያ የመጣው። ግማሹ ከግንቡ ውጭ ይኖራል። ውሃ መጣ አልመጣ እያለች ጀሪካን ደርድራ ቤት የምትጠብቀዋ እናት ደግሞ እዚያ የለችም። ጥናትህ ስለሷ ሆኖ ሳለ አንተ የጠየቅኸው እሷ የሌለችበት ቦታ ነው። ሰዓቱም ራሱ ይመርጣል። ከሰዓት በኋላ በበርጫ ሰዓት መንገድ ላይ የምታገኘው ሰው ከጠዋቱ ሰው ይለያል።

ይህ ስሕተት በቁጥር ብዛት እንደማይድን ትልቅ ምስክር አለ። እ.ኤ.አ. በ1936 በአሜሪካ ምርጫ ሊተራሪ ዳይጀስት የሚባል መጽሔት ወደ 10 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሰው የድምፅ መስጫ ላከ። ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው መለሰለት። ተወዳዳሪው ላንደን ያሸንፋል ብሎ ጻፈ። ሩዝቬልት ከ48 ግዛቶች 46ቱን አሸነፈ። መጽሔቱ አድራሻ የሰበሰበው ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር፤ በዚያ የችግር ዘመን ስልክና መኪና ያለው ማን እንደሆነ አስበው። በዚያ ላይ ወረቀቱን ሞልቶ የመለሰውና ዝም ያለው ሰው አንድ ዓይነት አልነበሩም። በዚያው ምርጫ የሕዝብ አስተያየት የሚሰበስበው ጆርጅ ጋሉፕ እጅግ ያነሰ ሰው ጠይቆ አሸናፊውን በትክክል ተናገረ። ሁለት ሚሊዮን ከተሳሳተ ቦታ፣ ያው የተሳሳተ ነው።

አንተ ጋ ቦታው ራሱ ይረዳሃል። ጀጎል አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፤ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። ግንቡ ውስጥ ያለውን ሰፈር በአምስቱ ክፈለውና ከእያንዳንዱ 12 ቤት ውሰድ፤ 60 ሞላ። አንዱ ሰፈር የሌላውን እጥፍ ቤት ካለው እጥፍ ውሰድለት። ቤቱን አንተ አትምረጥ። ከቀበሌ የቤት ዝርዝር ካገኘህ ዕጣ አውጣበት። ካላገኘህ የመነሻውን ቤት በዕጣ ለይና ከዚያ እየዘለልክ ሂድ፤ ለምሳሌ በየአሥረኛው ቤት። ጠባቡ መንገድ ውስጥ ገብተህ ደስ ያለህን በር እንዳታንኳኳ። ሰው ደስ የሚለው የተከፈተ በር ነው፤ ጀጎል ውስጥ የተከፈተ በር ማንኳኳት ደግሞ ቤት የሚውሉትን ብቻ መጠየቅ ነው። የተዘጋ ከሆነ ሌላ ሰዓት ተመልሰህ ሂድ፤ ጎረቤቱን አትተካ።

ጥያቄህንም አስተካክለው። «በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል?» ስትለው ሰው ምሬቱን ይነግርሃል። «ትናንት መጥቶ ነበር? ከትናንት በስቲያስ?» ብለህ ወደ ኋላ ቁጠር፤ የምታገኘው ያየውን ነው።

ይህን ሁሉ ካደረግህ በኋላ አማካሪህ ልክ ነው፤ ብዛት ይጠቅማል። በዕጣ ለተመረጠ ናሙና በመቶኛ የሚገለጽ መልስ ያለው የስሕተት ክልል በግርድፉ አንድ ለናሙናው ስኩዌር ሩት ሲካፈል ነው። በ60 ሰው ወደ 13 የመቶኛ ነጥብ ወደላይ ወይም ወደታች ይሆናል፤ በ200 ሰው ወደ 7። ክልሉን በግማሽ ለማሳነስ አራት እጥፍ ሰው ያስፈልግሃል። ይህ ስሌት የሚሠራው ግን ምርጫው በዕጣ ከሆነ ብቻ ነው። ፈረስ መጋላ ላይ ቆመህ ለሰበሰብከው አይሠራም። በ60ው ያገኘኸውን አትጣለው፤ መጠይቅህን ለመፈተሽ ተጠቀምበት፤ ውጤቱ ውስጥ ግን እንዳታስገባው።

«ልጄ ፕሮባቢሊቲ ጀምሯል። እኔ ትምህርቴን ከዘነጋሁ ቆየሁ። ማታ ማታ ቤት ውስጥ ምን ላለማምደው?»

ፕሮባቢሊቲ የዕድል ስሌት ነው፤ አንድ ብር ሳንቲም ይበቃችኋል። መጀመሪያ ሳይወረውር «100 ጊዜ ቢወረወር ምን ይመጣል?» በልና ከራሱ ፈጥሮ እንዲጽፍ አድርገው፤ አንበሳ፣ ሚዛን፣ ሚዛን፣ አንበሳ እያለ። ከዚያ የእውነቱን 100 ጊዜ ወርውሩ። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። የልጁ ፈጠራ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል፤ ሦስት አንበሳ ተከታትሎ ከመጣ በኋላ «አሁን ሚዛን ይምጣ» ይላል። የእውነቱ ግን ረጅም ተከታታይ አለው። በ100 ውርወራ ውስጥ አምስት ተመሳሳይ ተከታትሎ አለመምጣቱ ብርቅ ነው። ሳንቲሙ ያለፈውን አያስታውስም። ልጁ ይህን በዓይኑ አይቶ ካመነ ፕሮባቢሊቲ ላይ ትልቁን እንቅፋት አለፈ።

ቀጥለህ ጠይቀው። 10 ጊዜ ወርውረን 7 አንበሳ ቢመጣ ሳንቲሙ ተበላሽቷል? አልተበላሸም። ይህን የ10 ውርወራ ሙከራ 100 ጊዜ ብንደግመው ደህና ሳንቲም ወደ 17 ጊዜ ያህል 7 ወይም ከዚያ በላይ አንበሳ ይሰጣል። 100 ጊዜ ወርውረን 70 ቢመጣስ? መጠኑ ያው 70 በመቶ ነው፤ ደህና ሳንቲም ግን ይህን የሚያደርገው በ25,000 ሙከራ አንድ ጊዜ ቢሆን ነው። እዚህ ላይ መጠርጠር ይገባል። ልጁ በኋላ ግቢ ሲገባ ፒ-ቫሊዩ የሚባለው ነገር ሲመጣ አዲስ አይሆንበትም፤ «ደህና ሳንቲም ቢሆን ይህን ያህል ወይም ከዚህ የባሰ ስንት ጊዜ ይገጥማል?» የሚለው ጥያቄ ነው። በየማታው ጥቂት ደቂቃ ይበቃል፤ ሲሰለቸው ተውት።

«ከዚራ ሱቅ አለኝ። ሽያጬን እጽፋለሁ። ቀዝቃዛ ውሃ ብዙ በሸጥኩ ቀን መብራት ይጠፋል። ኮሪሌሽን ሠራሁ፤ ጠንካራ ነው። ምን ማለት ነው?»

አቦ፣ ደብተር መያዝህ ደስ ብሎኛል። ኮሪሌሽን የሚናገረው ሁለት ነገሮች አብረው መሄዳቸውን ብቻ ነው። ሁለቱ አብረው መሄዳቸው እውነት ነው፤ ውሃው ግን መብራቱን አላጠፋም። ሦስተኛ ነገር ፈልግ። ድሬ ሙቀቷ ሲበረታ ሰው ውሃ ይጠጣል፤ ያው ሙቀት ቬንቲሌተሩንና ኤሲውን ሁሉ ያስነሳል፤ መስመሩ ይጨናነቃል። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ አንተ ልትፈትሸው ትችላለህ። ደብተርህ ላይ አንድ ዓምድ ጨምርና የየቀኑን ከፍተኛ ሙቀት ጻፍ። ከዚያ ሙቀታቸው ተቀራራቢ የሆኑትን ቀናት ብቻ ለይተህ እንደገና አስላ። ዝምድናው ከጠፋ ሁለቱን ያገናኛቸው ሙቀቱ ነበር ማለት ነው። ካልጠፋ ሌላ ነገር አለ፤ ደብተሩን ይዘህ ጻፍልኝ።